አንቱታውን ማን ወሰደው?

(መክፈቻ፦ ማሲንቆ በትዝታ ቅኝት፤ ለሃያ ሰከንድ ያህል ከተሰማ በኋላ ዝቅ ብሎ ከንግግሩ ሥር ይቆያል)

በመካነ ሰላም ከተማ ያላችሁ፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በአቀስታ፣ በአጅባር፣ በቱሉ አውሊያ የምትከታተሉን፣ ሬዲዮዋን አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ከብት የምትጠብቁ፣ ቡና አቅርባችሁ ጎረቤት የጠራችሁ፣ ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ በአንድ ጆሮ የምትሰሙን፣ ሁላችሁንም ዕድሜ ከጤና ይስጥልን።

ዕድሜ ከጤና አልኩ። ይህን ምርቃት በቀን ስንት ጊዜ እንላለን? አባቶቻችን ዕድሜን ብቻውን አይመርቁም። ዕድሜ መጥቶ ጤና የቀረ እንደሆነ ምን እንደሚከተል ስለሚያውቁ ጤናውን አብረው ይለምናሉ። የዛሬው ጨዋታችን እዚሁ ላይ ነው። አንድ አዛውንት መርሳት ሲጀምሩ፣ ሰው ሲሳሳቱ፣ መንገድ ሲጠፋቸው እኛ ምን እንላቸዋለን? ስለ መድኃኒቱ ብዙ አላወራም፤ የማወራው ከአፋችን ስለሚወጣው ቃል ነው።

(ሙዚቃው ቀስ ብሎ ይጠፋል)

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፤ ለራሳችሁ መልሱ። በእናንተ ቀበሌ አንዲት እናት የልጆቻቸው ስም ቢጠፋቸው፣ የበሉትን አልበላሁም ቢሉ፣ ሰው ስለ እሳቸው ምን ይላል?

(ሦስት ሰከንድ ዝምታ)

እኔ የሰማሁትን ልናገር። ጃጁ። ልባቸው ጠፋ። ቀልባቸው ራቀ። ነሆለሉ። አቅላቸውን ሳቱ። ልጅ ሆኑ። ትንሽ ነካ አድርጓቸዋል። የሰው እጅ ነው። እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል። ሲብስም፣ እሳቸውማ በቁማቸው ሞተዋል፣ ቀባሪ አጥተው ነው እንጂ።

ይህን የመጨረሻውን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ሴትዮዋ እዚያው መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ እየሰሙ።

አሁን አንድ የራሴን ልንገራችሁ። አያቴን እምዬ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ አንቱ ስላቸው አድጌያለሁ። ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ ይጠጡ። በቤታችን ሌላ አነጋገር አልነበረም። መርሳት ሲጀምሩ መጀመሪያ የሳቅንባቸው ይመስለኛል፤ ከዚያ ደነገጥን፤ ከዚያ ሰለቸን። አንድ ቀን ማታ ከብቱ ገባ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ገብቷል አልኳቸው። ጥቂት ቆይተው ደገሙት፤ መለስኩ። በአምስተኛው፣ “ነገርኩሽ እኮ!” አልኩ።

ነገርኩሽ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እምዬን አንቺ ያልኩት ያን ማታ ነው።

እምዬ ዝም አሉ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንስተው ራሳቸው ላይ አደረጉ፣ እግራቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ “ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ፤ የሰው ቤት መሆኔን ረስቼ ነው” አሉ።

ጌታዬ አሉኝ። አንቱ አሉኝ። በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ምድጃቸው ዳር፣ ያሳደጉትን ልጅ። ስሜ ጠፍቷቸው ነበር፤ የት እንዳሉም ጠፍቷቸው ነበር፤ አክብሮ መናገር ግን አልጠፋቸውም። የጠፋው ከእኔ ነበር።

(አጭር ሙዚቃ፤ አሥር ሰከንድ)

አድማጮቼ፣ አማርኛችን ክብርን በግሡ ጫፍ ላይ ነው የሚያስረው። ሌላው ቢቀር መጣ እና መጡ፣ በላች እና በሉ የሚለያዩት በዚያች ጫፍ ነው። አንድ አዛውንት ሲታመሙ ሳናስበው መጀመሪያ የምንነጥቃቸው ይህችኑ ጫፍ ነው። “ጃጅተዋል” ብለን እንጀምራለን፤ በወር በሁለት ወር “ጃጅቷል” ይሆናል። “ይብሉ” የነበረው “ብላ” ይሆናል። ተሰብስቦ የወሰነ የለም፤ ሽማግሌም አልተቀመጠበትም። ግን ይወሰዳል።

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። እናቱን ከልጅነቱ ጀምሮ አንቺ የሚል ብዙ ነው፤ ያ የፍቅር ነው፣ እስከ መጨረሻው ይቀጥል። የማነሣው ለውጡን ነው። ትናንት አንቱ የነበሩ ሰው ዛሬ አንተ የሆኑት ምን አጥፍተው ነው? በሽታ ስለያዛቸው? ኩላሊቱን የታመመ ሰው አንቱታው ይቀነሳል እንዴ?

ስለዚህ የመጀመሪያውን ነገር ያዙልኝ። ሰውየው ቢረሱንም አንቱታቸውን አንርሳባቸው። በኋላ እመለስበታለሁ።

በሽታው ምንድን ነው? ሐኪሞች ዲሜንሺያ ይሉታል። ዲሜንሺያ አንጎልን የሚጎዱ የብዙ በሽታዎች የጋራ መጠሪያ ነው። ዋናው አልዛይመር የሚባለው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 ታማሚዎች ከ6 እስከ 7 የሚሆኑት የአልዛይመር ታማሚዎች ናቸው። ሌላው በአንጎል ደም ሥሮች ጉዳት፣ ስትሮክ ከምንለው ጋር የሚመጣው ነው። ድርጅቱ በፈረንጆቹ 2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ዲሜንሺያ እንዳለባቸው ገምቷል። ይህ ማለት የቦረና ወይም የሳይንት ሰው ብቻውን የደረሰበት ነገር አይደለም፤ የማንም እርግማን አይደለም።

“ታዲያ የትናንት ምሳቸውን ረስተው የሠርጋቸውን ቀን እንዴት ያስታውሳሉ? እያወቁ ነው እንጂ!” የሚል ሰው አይጠፋም። እያወቁ አይደለም። ጎተራ አስቡ። የዱሮው እህል ከሥር አለ። መጀመሪያ የሚጎዳው የጎተራው አፍ ነው፤ አዲሱ እህል አይገባም። የዛሬ ጠዋቱ ነገር ሲጀመር ጎተራው ውስጥ አልገባም፤ ስለዚህ ፈልጉት ቢባሉ ከየት ያመጡታል? የልጅነታቸው ዘመን ግን ከሥር ተቀምጧል። በሽታው እየገፋ ሲሄድ ከሥር ያለውንም መንካቱ አይቀርም፤ ያ ግን ዓመታት ይወስዳል።

ደግሞ የሁላችንም መርሳት በሽታ አይደለም። ወፍጮ ቤት ሄዶ ጆንያ ረስቶ መመለስ የማንም ነው። አርባ ዓመት የተመላለሱበት የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ መንገድ ሲጠፋ፣ እሳት ባልነደደበት ምጣድ ላይ ሊጥ ማዞር ሲመጣ፣ ገንዘብ መቁጠር ሲያቅት፣ ዝምተኛ የነበረ ሰው ተጠራጣሪና ቁጡ ሲሆን ግን፣ ያኔ ሐኪም ይየው።

(ሙዚቃ፤ አምስት ሰከንድ)

ወደ ቃሎቹ ልመለስ። አንድ በአንድ አይደለም፤ የሚያሳስበኝን ላንሣ።

“ጃጁ” የሚለውን እንመልከት። ይህን ቃል ሌላ የት እንሰማዋለን? የጃጀ መኪና። የጃጀ አሠራር። ጊዜው አልፎበት ሊጣል የሚገባው ነገር ሁሉ የጃጀ ነው። መኪናን የምንሰድብበትን ቃል ለአባታችን ስናውለው መኪናውና አባታችን አንድ መደብ ላይ ተቀመጡ ማለት ነው። ቃሉን የሚናገሩት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ አብዛኞቻችን ሌላ ቃል ስላልተሰጠን ነው የምንለው። ዛሬ ሌላ ቃል ልስጣችሁ፦ የመርሳት በሽታ። “አባቴ የመርሳት በሽታ አለባቸው።” በሽታ ስንል ያመማቸው ነገር አለ ማለታችን ነው፤ የታመመ ደግሞ ይጠየቃል፣ ይታገዛል፣ ይታከማል። እውነቱን ለመናገር ይህም ስም ሙሉ አይደለም። በሽታው መርሳት ብቻ አይደለም፤ ማመዛዘንን፣ ቋንቋን፣ ጠባይንም ይነካል። ግን ከጃጁ እጅግ ይሻላል።

“ስም ቢለወጥ ምን ይመጣል?” ትሉኝ ይሆናል። ወደ ደሴ እንሂድ። ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። የዕድሜ ባለጸጎች በምን እንደሚያውቁት ጠይቋቸው። የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ሲታከሙበት የኖረ ነው። ዱሮ እነዚህን ሰዎች ምን ነበር የምንላቸው? ቃሉን በማንሣቴ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ቆማጣ። ሰውየውን በጎደለው ጣቱ ጠርተን፣ ከመንደር አውጥተን፣ ከጋብቻ ከልክለን፣ ደጀ ሰላም ላይ አስቀመጥነው። ዛሬ የሥጋ ደዌ እንላለን፤ ታክሞ እንደሚድንም እናውቃለን። ያዳነው መድኃኒቱ እንጂ ስሙ አይደለም፣ ልክ ነው። ግን በስድብ የሚጠራን በሽታ ይዞ ሰው ፊት ወጥቶ ለመታከም ማን ይደፍራል?

ጃፓኖች በፈረንጆቹ 2004 ይህንኑ የስም ለውጥ አደረጉ። ለዲሜንሺያ የሚጠቀሙበት ቃል ቺሆ የሚል ነበር፤ የሞኝነት፣ የመደንዘዝ ትርጉም ያለው ቃል ነው። ሰው በዚህ ስም ሐኪም ፊት ለመቅረብ ያፍር፣ ቤተሰብም ይደብቅ ነበር። መንግሥታቸው ጉዳዩን አስጠንቶ ስሙን ኒንቺሾ ወደሚል ለወጠው፤ የማወቅ፣ የመገንዘብ ችሎታ ሕመም ማለት ነው። ጃፓን በሽማግሌ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት፤ ቃሉንም የሥራው አካል አደረጉት።

(ለአፍታ ዝምታ)

ከቃሎቻችን ሁሉ የሚከብደኝ “ልባቸው ጠፋ” የሚለው ነው። አስቡት፤ በአማርኛ ልብ ውስጥ የማናስቀምጠው ምን አለ? ልብ በሉ እላችኋለሁ፣ አስተውሉ ማለቴ ነው። ልባም ሴት ስንል ብልኅ ማለታችን ነው። ልበ ሙሉ ስንል ደፋር፣ ልበ ቀና ስንል ቅን። ከልቤ ወደድኩህ እንላለን። ማስታወሱም፣ ማስተዋሉም፣ ድፍረቱም፣ ቅንነቱም፣ ፍቅሩም እዚያው ነው። ታዲያ “ልባቸው ጠፋ” ስንል አንዱ ብቻ ሲጎድል ሁሉንም በአንድ ላይ ነጠቅናቸው ማለት አይደለም ወይ?

እምዬ ስሜን ከረሱ በኋላ እጄን ይዘው “በርዶሃል” ይሉኝ ነበር። ማን እንደሆንኩ አያውቁም፤ መብረዴን ግን ያውቃሉ። ጠዋት አንዱ ከተቆጣቸው ምክንያቱን ወዲያው ይረሱታል፤ ፊታቸው ግን እስከ ቀትር ጨፍግጎ ይውላል። ይህ የእምዬ ብቻ አይደለም። የሆነው ነገር ተረስቶ የተሰማው ስሜት እንደሚቆይ ባለሙያዎችም ያረጋገጡት ነው። ምላስ አጥንት የላትም አጥንት ግን ትሰብራለች ይባል የለ? የተሰበረበትን ቀን መርሳት ስብራቱን አያስቀረውም።

ስለዚህ እደግመዋለሁ። ትዝታቸው ተጎድቷል እንበል፤ ልብ የላቸውም አንበል።

“ልጅ ሆኑ” የሚለውስ? ይህ ደግሞ ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ይራራል። ብዙ ልጆች እናታቸውን በትዕግሥት የሚያጎርሱት “አሁን እሷ ልጅ ናት” ብለው ነው፤ ያንን አልነቅፍም። ግን ልጅ ያልነውን ሰው ቆይተን በሰው ፊት ልብስ እናወልቅበታለን፣ እንገሥጸዋለን፣ በሚለው እንስቃለን፣ እንዳይወጣ ቆልፈንበት እንሄዳለን። እኒህ ሴት ግን ልጅ አይደሉም። ወልደዋል፣ ቀብረዋል፣ ክፉ ቀን አሳልፈዋል፣ በተጣላ ሰው መሐል ገብተው አስታርቀዋል። ሲታጠቡ መጋረጃ ይጋረድላቸው። ምን ልልበስ የሚለውን፣ ከሁለቱ ቀሚስ አንዱን፣ እሳቸው ይምረጡ።

(የጀበና ቡና ሲቀዳ የሚሰማ ድምፅ፤ ስኒ ሲነካካ)

አሁን ከሁላችንም ቤት ወዳለች አንዲት ጥያቄ ልምጣ። እንግዳ ይመጣል። ሽማግሌው ጋ ይቀርባል። ጉልበት ይስማል። ከዚያ ምን ይላል? “አወቁኝ? እስቲ ማን ነኝ?”

(ሁለት ሰከንድ ዝምታ)

ብለን አናውቅም? እኔ ብያለሁ። ደግ ጥያቄ ይመስላል። አዛውንቱ ያዩናል፣ ይፈልጋሉ፣ ያጣሉ። ዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ መልሱን ይጠብቃል። አንዳንዶቹ ብልኅ ናቸው፣ “እንዴት አላውቅህም!” ብለው ያልፉታል። ሌሎቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። የጠየቅነው ለፍቅር ነው፤ የሰጠናቸው ግን ፈተና ነው፤ እንደሚወድቁ እያወቅን የሰጠነው ፈተና።

በዚህ ነገር አንዲት ጀርመናዊት ሴት ትታወሰኛለች። ስሟ አውጉስተ ዴተር ይባላል። በፈረንጆቹ 1901 በፍራንክፈርት ከተማ ሆስፒታል ስትገባ 51 ዓመቷ ነበር። አሎይስ አልዛይመር የተባለ ሐኪም አጠገቧ ተቀምጦ ስሟን፣ የባሏን ስም፣ የምትበላውን ምግብ እየጠየቀ መልሷን ይጽፍ ነበር። ስምሽን ጻፊ ሲላት ጀምራ አልጨረሰችውም። ራሷን እንዳጣች ነገረችው። በ1906 አረፈች፤ ሐኪሙም በዚያው ዓመት ስለ ሕመሟ ለባልደረቦቹ አስረዳ። በሽታው በእሱ ስም ተጠራ። የእሷ የሕክምና መዝገብ ጠፍቶ ኖሮ የተገኘው በ1995 ነው። ታሪኩ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኔ ዛሬም የሚገርመኝ የሐኪሙ ግኝት ብቻ አይደለም። ሁሉም ነገር ከእጇ ሲያመልጥ ምን እየሆነች እንደነበር በራሷ ቃል መናገሯ ነው። ሰው ከውስጥ ሆኖ ያያል። አይሰሙም፣ አይገባቸውም የምንላቸው ሰዎች ያያሉ።

ታዲያ “ማን ነኝ” ካላልን ምን እንበል? የክረምት ጉም አስቡ። በሐምሌ ከአባይ በረሃ ተነሥቶ አምባውን ሲያለብሰው፣ ደንቆሮ ጫካ በኩል ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ በሦስት እርምጃ ያለ ሰው አይታይም። እረኛ ጓደኛው በጉም ውስጥ ሲመጣ ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ ቆሞ “ማን እንደሆንኩ ገምት” ይላል? አይልም። ከሩቅ ድምፁን ያሰማል፤ “እኔ ነኝ! እገሌ ነኝ! በዚህ በኩል ነኝ!” ይላል። እኛም እንደዚያ እናድርግ። ቀርበን፣ ፊት ለፊት ሆነን፣ ስማችንን እኛው እንናገር። “እምዬ፣ እኔ ነኝ፣ የልጅዎ ልጅ። ልጠይቅዎ መጣሁ።” በቃ። ፈተናው ቀረ፤ ጨዋታው ተጀመረ።

አንድ ሌላም አለ። “ቤቴ ውሰዱኝ” ይላሉ፣ አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት ውስጥ ሆነው። ብዙ ጊዜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የሚብሰው። እኛ እንከራከራለን፤ “ቤትዎ ነው እኮ! ያውና አልጋዎ!” ክርክሩ ግን የትም አያደርስም። ቤት የሚሉት ምናልባት የእናታቸውን ቤት ነው፤ ምናልባት ፍርሃት የሌለበትን ቦታ ነው። “እስቲ ስለ ቤቱ ያጫውቱኝ፤ ደጁ ላይ ምን ዛፍ ነበር?” ብትሏቸው መንገዱን በአፋቸው ይሄዱታል። እምዬ ከአንድ ወይራ ዛፍ ጀምረው አንድ መንደር ሙሉ ሰው ነግረውኛል፤ ከዚያ በፊት አንዱንም አላውቀውም ነበር።

(ሙዚቃ፤ አምስት ሰከንድ)

“እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል።” ይህ ቃል የዋህ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምፈራው እሱን ነው። በር ይዘጋልና። ለምን መሰላችሁ? የመርሳት በሽታ የሚመስሉ፣ ግን ሊታከሙ የሚችሉ ነገሮች አሉ። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የታይሮይድ እጢ ሥራ መቀነስ፣ ሰው ሞቶባቸው የገቡበት ከባድ ድብርት፣ የሚወስዱት መድኃኒት ያመጣው ግራ መጋባት፣ ሌላው ቀርቶ ጆሮ ሲከብድና ዓይን በሞራ ሲሸፈን ሰው የረሳ ይመስላል። አንድ ሰው ደግሞ ትናንት ደኅና የነበረ፣ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ቢቃዥ፣ ቢዘባርቅ፣ ያ እርጅና አይደለም። የሳንባ ምች ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ወይም ሌላ አስቸኳይ ሕመም ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ነው።

እኛም እምዬን ወደ አንድ ጤና ተቋም ወስደናቸው ነበር። የተቀበለን ሰው ከወረቀቱ ቀና ሳይል “ስንት ዓመቷ ነው? ኧረ አርጅታለች፣ ምን ይደረግላት” አለን። ይዘናቸው ተመለስን። ያን ጊዜ የጆሯቸው ነገር እንኳ አልታየም። በኋላ ሌላ ባለሙያ ሲያያቸው ጆሯቸው በደረቀ ኩክ ተደፍኖ ተገኘ፤ ሲጸዳላቸው የመርሳት በሽታው አልለቀቃቸውም፣ ግን ሲጠሩ አቤት ማለት ጀመሩ። በአንድ “አርጅታለች” ምክንያት ለወራት በዝምታ ተቀምጠዋል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አናግሩ፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሆስፒታል። ጸበል የምትወስዱ ውሰዱ፤ ዱዓ የምታስደርጉ አስደርጉ። ሐኪም ማየቱ ከእምነታችሁ አያጣላችሁም። ማሰርና መግረፍ ግን በምንም ስም አይሁን። “የሰው እጅ ነው” ብላችሁ ጎረቤት ከመጠርጠራችሁም በፊት የደም ግፊታቸውን አስለኩ። ከፍተኛ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ የጆሮ መድከም፣ ከሰው ተነጥሎ መኖር ለዚህ በሽታ ከሚያጋልጡት ናቸው፤ በአብዛኛው አስቀድሞ ሊሠራባቸው ይቻላል።

(መንዙማ በዝቅተኛ ድምፅ፤ ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ደወል ከሩቅ)

አሁን ወደዚያ ወደሚከብደው ቃል፣ “በቁማቸው ሞተዋል” ወደሚለው ልምጣ። ይህን የምንል እኛ ብቻ አይደለንም። በሌላውም ዓለም ጋዜጦች ይህን በሽታ ሕያው ሞት፣ ማዕበል ይሉታል። እኔ በእኛ አገር ያየሁትን ልንገራችሁ። የልጆቻቸው ስም የጠፋቸው አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ፤ ድቤ ሲመታ መንዙማውን ከተቀባዮቹ ጋር እኩል ይቀበላሉ፣ አንድ ቃል ሳይስቱ። ዳዊት ደጋሚ የነበሩ አንድ ቄስም አውቃለሁ፤ ቁርስ መብላታቸውን አያውቁም፤ “አቡነ ዘበሰማያት” ሲባል ግን ቀጥለው ይወርዱታል። ዜማ፣ ጸሎትና የእጅ ሥራ በልጅነት የገቡ ናቸው፤ ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ታዲያ እኒህ ሰዎች ሞተዋል?

ለማስታመም የደከማችሁ፣ ሌሊት የማትተኙ፣ በተለይ ሴት ልጆችና ምራቶች፣ እናንተን እየወቀስኩ እንዳይመስላችሁ። “ሞታለች” የሚለው ቃል አንዳንዴ የሚወጣው ከሐዘን ነው፤ ሰው ያለ ቀብር የሚያዝነው ሐዘን ከባድ ነው፣ ለቅሶ ደራሽ የለውም። ለዚህ ነው ጎረቤቶቻችሁን አሁን የማናግረው። ለቅሶ እስኪሆን አትጠብቁ። እድርተኛው ዛሬ ይምጣ፤ አንዱ ለአስታማሚዋ ልጅ ሁለት ሰዓት ይቀመጥላት፣ እሷም ወንዝ ወርዳ ልብሷን አጥባ፣ ገላዋን ታጥባ ትመለስ።

(ማሲንቆው ዳግመኛ፣ ከሩቅ)

ሰዓታችን እየተገባደደ ነው። እስከ ሳምንት የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በአካባቢያችሁ ለዚህ ሕመም የሚባለውን ቃል ጻፉልኝ፤ የሚያዋርደውንም፣ የሚያከብረውንም። አረጋውያንን ጠይቁ፤ ከእኔ የተሻለ ቃል የሚያውቅ ሰው እዚያው ጎረቤታችሁ እንዳለ አምናለሁ። በሚቀጥለው ዝግጅት እያነበብን እንጫወትበታለን። ይህን ሁሉ ስታደርጉ አንቱታውን አደራ። ይብሉ፣ ይጠጡ፣ ይረፉ።

ከመለያየታችን በፊት አንድ የመጨረሻ ነገር። እምዬ ሊያርፉ አንድ ዓመት ሲቀራቸው ነው። ከሰዓት በኋላ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ጥጥ መፍተል አላቆሙም ነበር፤ ግራ እጃቸው ባዘቶውን ይስባል፣ ቀኝ እጃቸው እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ያሾረዋል፣ ክሩ አይወፍር አይቀጥን። ልጆች በልቃቂቱ ሲጫወቱ ውሉን አጥፍተውት ኖሮ እኔ ልፈታው እየታገልኩ ነው። ይበልጥ ተወሳሰበብኝ። እምዬ ሲያዩኝ ቆዩና እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው።

በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት። አልሳቡትም። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ላዩን ቀስ ብለው ዳሰሱት፤ አዙረው ዳሰሱት፤ ውሉን አገኙትና ጫፉን በሁለት ጣት ይዘው ወደ እኔ አቀበሉኝ።

“አትጎትተው ልጄ” አሉኝ። “ሲጎትቱት ይቋጠራል።”

(ማሲንቆው ከፍ ይላል፤ እስኪያልቅ ይቆያል)